ጀልባ በቢቸና፣ ናፍጣ በፍሬን

ቢቸና ውስጥ ያላየሁት ብልሽት የለም ብዬ ነበር። በቅሎ የገጨ አይሱዙ፣ ሞተሩ ውስጥ አይጥ የወለደችበት ትራክተር፣ ባለቤቱ ተናዶ በመጥረቢያ የመታው ሞተር ሳይክል በእጄ አልፈዋል። ጀልባ ግን መጥቶብኝ አያውቅም። የሚመጣበትም ምክንያት አልነበረም። ከተማችን ውሃ የምታየው ከሰማይ ሲወርድና ቧንቧው ደስ ሲለው ብቻ ነው።

ሰኔ በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ አንድ ፒካፕ ረጅም ነጭ ጀልባ በተሳቢ ጭኖ በጋራዤ ደጅ ቆመ። ከተሳቢው የግራ ጎማ ጭስ ይወጣል። ሰፈሩ ወዲያው ወጥቶ ከበበው። አንዱ ጎረቤቴ፣ «ኖኅ ደረሰልን!» ይላል። ሌላው ደግሞ እኔን እያየ፣ «ጋሼ፣ እንግዲህ የቀረዎት አውሮፕላን ብቻ ነው» ይለኛል። አውሮፕላንም ቢመጣ ከመፍታት ወደኋላ እንደማልል ነገርኩት። እውነቴን ነው።

ሙያዬን ያስተማረኝ ሰው የለም። የመንገድ ሥራ ካምፕ ዘበኛ ሆኜ፣ ቀን ቀን ሜካኒኮቹ የሚፈቱትን ቆሜ እያየሁ፣ እሑድ እሑድ ማንም የማይፈልገውን የተጣለ ሞተር እየፈታሁና እየገጠምኩ ነው የተማርኩት። ሞተሩ ሲነሳ የካምፑ አለቃ ራሱ መጥቶ ጨበጠኝ። ከዚያ ወዲህ አርባ ዓመት አልፏል። ከደጀን እስከ ሞጣ ባለው መንገድ ላይ፣ «እሱ ያልቻለውን አምላክ ይቻለው» የሚባለው ለእኔ ነው። የምለው እኔ አይደለሁም፤ ሾፌሮች ናቸው።

ከፒካፑ የወረደው ሰው ነጭ ቆብ ያደረገ፣ ረጅም፣ ስድሳ ዓመት የሚሆነው የሞጣ ነጋዴ ነበር። ሐጂ ይሉታል፤ እኔም ሐጂ አልኩት።

«ሐጂ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«ጀልባ ነው ጋሼ።»

«እሱንማ አየሁት። የት ሊሄድ ነው?»

«ዓባይ።»

«ዓባይን አልፈውት መጡ እኮ! ድልድዩን ሲሻገሩ ተኝተው ነበር?»

ሰዉ ሳቀ። እሱ አልሳቀም። «የእኔ ዓባይ ከሞጣ በታች ያለው ነው» አለና፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገረኝ። ሴት ልጁ ከወንዙ ማዶ ነው ያገባችው። ካቻምና ክረምት ምጥ ያዛት፤ ወንዙ ሞልቶ ነበር። በዚያ መሻገሪያ ሰው በክረምት የሚሻገረው በአየር የተነፋ የፍየል ቆዳ አቅፎ እየዋኘ ነው፤ ምጥ የያዛት ሴት እንዴት ብላ? ሕፃኑ ሞተ። እሷ ለጥቂት ተረፈች። አሁን ሐምሌ ላይ እንደገና ልትወልድ ነው፤ ሐኪም ቤቱ ያለው ደግሞ በእኛ በኩል፣ ሞጣ ነው። ስለዚህ ሐጂ ከአዲስ አበባ ማዶ አንድ የሐይቅ ዳር ሆቴል ሲጠቀምበት የኖረ ጀልባ ከነተሳቢው ገዝቶ፣ ወንዙ ሳይሞላ ሊያደርስ ይሮጣል።

«አሥር ቀን ቢኖረኝ ነው» አለኝ። «መንገዱም አንድ ቀን ክፍት፣ ሁለት ቀን ዝግ ነው። ይበሉ ይድረሱልኝ።»

እንዲህ ሲባል እምቢ የምል ሰው አይደለሁም። ግን መቸኮሉ አናደደኝ። ጎማው የሚጨስ ተሳቢ እየጎተቱ ከደጀን ቢቸና ድረስ መምጣት ምን የሚሉት ነው?

እንዲህ ያለ ፍሬን አይቼ አላውቅም ነበር። ፔዳል የለውም። መኪናው ሲቆም ተሳቢው ከኋላ ይገፋል፤ ያ ግፊት መጎተቻው አንገት ላይ ያለችውን ትንሽ የፍሬን ፖምፓ ይጫናታል፤ ፈሳሹ በቱቦ ሄዶ ሁለቱን ጎማዎች ያስይዛል። መኪናው ሲነሳ ደግሞ ይለቃል። ይህንን ሁሉ ሳያስረዱኝ፣ በጀርባዬ ተኝቼ፣ ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ደረስኩበት። የሠራው ፈረንጅ ብልህ ሰው ነው፤ ግን ሐጂን አያውቀውም።

የፈሳሹን ማጠራቀሚያ ክዳን ስከፍት ሽታው አልጣመኝም። የፍሬን ዘይት እንደዚያ አይሸትም። ከጎረቤት ሻይ ቤት ንጹሕ ብርጭቆ አስመጣሁና ቀድቼ ድንጋይ ላይ አስቀመጥኩት። ጥቂት ቆይቶ ብርጭቆው ውስጥ ያለው ሁለት ሆኖ ተለያየ፤ ከታች ቢጫ፣ ከላይ ቀይ።

«ይህንን ማን ነው የጨመረው?» አልኩ።

ሾፌሩ፣ አርባ ዓመት የሚሆነው ዝምተኛ ሰው፣ ሁለት እጁን አነሳ። «እኔ የለሁበትም አባባ። ደጀን ላይ ጎደለ ስላቸው ሐጂ ራሳቸው ናቸው የጨመሩት።»

«ምን ጨመሩ?»

«የመሪ ዘይት። ለመኪናው ከገዛነው የተረፈ ነበረ።»

ሐጂ ቆቡን አስተካከለ። «ያው ፈሳሽ ነው፤ ያው ይለሰልሳል። ቤት ያለ ነገር ከሚባክን ብዬ ነው።»

«ሐጂ፣ እርስዎ ቤት ያለ ነገር እንዳይባክን ብለው ቡና ውስጥ ጨው ይጨምራሉ?»

«እናቴ በጨው ነበር የምታጠጣን!» አለኝ። ሰዉ ሁሉ በእኔ ላይ ሳቀ።

ሥራ ላይ ስሆን ቀልድ አልወድም። ጭቅጭቁን ትቼ ፈታሁት። ፖምፓው ውስጥ ያለው ጎሚኒ፣ ማለትም ፈሳሹን የሚገፋው የላስቲክ ቆብ፣ አብጦ እንደ ራሰ ባቄላ ሆኗል። ሲያብጥ ፈሳሹ የሚመለስባትን ትንሽ ቀዳዳ ይደፍናታል። ፍሬኑ ይይዛል፤ አይለቅም። ጎማው እየተቃጠለ ይሄዳል። የጎማዎቹም ጎሚኒዎች እንደዚያው ነበሩ። ለዚህ ተብሎ የተሠራ ጎሚኒ ቢቸና ቀርቶ አዲስ አበባም አይገኝም። እኔ ግን ከአሮጌ ላንድክሩዘር ዕቃዎቼ መሃል ለፖምፓውም ለጎማዎቹም ልክ የሆነ አዲስ ጎሚኒ አወጣሁ። በዓይኔ ለክቼ ነው፤ መለኪያ አላነሳሁም። ልክክ አለ።

ከዚያ በፊት ግን ዕቃውን ሁሉ አጠብኩት። አጣጠቤን መናገር አለብኝ፤ ኋላ ያዋረደኝ እሱ ነውና። እኔ የምፈታውን ሁሉ በናፍጣ ነው የማጥበው። የቆረጥኩት ጀሪካን ውስጥ ናፍጣ ሞልቼ፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ ብረቱ ፊት እስኪያሳይ ድረስ። ጋራዤ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ያንን ነው። የዚያን ተሳቢ ፖምፓም፣ አዳዲሶቹን ጎሚኒዎች ሳይቀር፣ አጠብኩት። በቀጭኑ ቱቦ ውስጥም በሲሪንጅ ናፍጣ ሰደድኩበት፤ ቀዩ ዘይት ተጠርጎ ወጣ። አዲስ የፍሬን ዘይት ሞላሁ፣ አየሩን አስወጣሁ፣ ጎማውን በእጄ አሽከረከርኩት። እንደ እንዝርት ዞረ።

«ሐጂ፣ ይህ ፍሬን እርስዎ እስካልነኩት ድረስ የልጅ ልጅዎን ያሳድጋል» ብዬ ሸኘሁት።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ስልክ ተደወለ።

«ጋሼ፣ ያዘ።»

«ምኑ?»

«ፍሬኑ ነዋ። ትናንት እስከ ሞጣ በደህና ደረስን። ዛሬ ወደ ወንዙ ልንወርድ ስንነሳ ሁለቱም ጎማ አልዞር አለ። ሞጣ ከቤቴ ደጅ ቆሟል።»

«ምን ጨመሩበት?»

«ወላሂ አልነካሁትም!»

«ሐጂ፣ እውነቱን ይንገሩኝ፤ አልቆጣም።»

«ይኸው እየተቆጡ ነው!»

ስልኩን ዘግቼ መፍቻዎቼን በማዳበሪያ ጆንያ ጠቅልዬ ሚኒባስ ያዝኩ። መንገዱን ሙሉ የረገምኩት ሰው ብዛቱ! ሾፌሩን፣ ጎሚኒ የሚያስመጡትን፣ የፍሬን ዘይት እየከለሱ የሚሸጡትን። አጠገቤ የተቀመጠች እናት፣ «ምነው አባቴ፣ ሰው ሞተብዎት?» አለችኝ። «አልሞተም፤ ጎሚኒ ነው ያበጠው» ስላት ወደ መስኮቱ ዞረች።

የሐጂ ግቢ ሞጣ ገበያው አጠገብ ነው። ጀልባው ደጁ ላይ ቆሞ፣ ሰው የዝናብ ውሃ ያጠራቀመበት ይመስል እየመጣ ውስጡን ያያል። ገና ሰላም ሳንባባል፣ «ብርጭቆ አምጡ» አልኩ። ቀዳሁ። አስቀመጥኩ። ቀይ ዘይት የለም። ደስ አለኝ። ቀጥሎ ግን ከላይ እንደ ጥፍር የሳሳች ሌላ ነገር ተንሳፍፋ አየሁ። በጣቴ ነካሁና አሸተትኳት።

ናፍጣ ነበረች።

መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ፣ «ይህ ሰው ደግሞ ናፍጣ ጨመረ» የሚል ነው። ሐጂን ቀና ብዬ አየሁት። እሱ ግን በጭንቀት እኔን ነበር የሚያየኝ፤ እንዲህ የሚያይ ሰው አይዋሽም። አፌ ላይ የደረሰውን ዋጥኩት።

ግቢው ውስጥ አንዲት ተከራይ አለች፤ ከአርባ ምንጭ ተመድባ የመጣች የኬሚስትሪ መምህርት። ደብተር እያረመች በረንዳ ላይ ተቀምጣ ነበር። ተነስታ መጣችና ፒካፑ ላይ የቀረውን ባዶ የፍሬን ዘይት ዕቃ አገላብጣ አነበበች።

«አባባ፣ በምን ነው ያጠቡት?»

«በናፍጣ። እንደ ደንቡ።»

«እዚህ ላይ ነዳጅም ሆነ ሌላ ዘይት አይንካው ይላል። ይህ ላስቲክ ከናፍጣ ጋር አይስማማም፤ ይመጠውና ያብጣል።»

«ማን ነው ያለው?»

«ተጽፏላ!»

«ልጄ፣ እኔ በናፍጣ ማጠብ ስጀምር እናትሽ አላገባችም።»

«እሺ አባባ» አለች፤ ፈገግ ብላ። «ናፍጣው ግን ዕድሜዎን አያውቅም።»

ሐጂ ሳቀ። ሾፌሩም ሳቀ፤ ከተዋወቅን ጀምሮ ጥርሱን ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። እኔ ሌላ ሰው ያነበበውን አምኜ አላውቅም። ሰው ነግሮኝ ሳይሆን አይቼ ነው ያደግሁት። ሁለት የሻይ ብርጭቆ ጠየቅሁ። በአንዱ ናፍጣ፣ በሌላው ንጹሕ የፍሬን ዘይት አደረግሁ። ከአንድ እሽግ የወጡ ሁለት አዳዲስ የላንድክሩዘር ጎሚኒዎች ከገበያ አስመጥቼ፣ ሁለቱም ፖምፓው ውስጥ በልካቸው መግባታቸውን ሁሉም እንዲያይ አድርጌ፣ በየብርጭቆው ነከርኳቸው።

«እስከ ነገ እናያለን» አልኩ።

ሐጂ ይሄን ጊዜ ተናደደ። «ጋሼ፣ ነገ? ወንዙ እኮ እየሞላ ነው! ልጅቱ ልክ ናት ብለው ዛሬ አይሠሩትም?»

«ልክ ካልሆነችስ? ቁልቁለቱ ላይ ቢይዝብዎት ወይም ጭራሽ ባይዝ፣ ጀልባው ከነተሳቢው ጀርባዎ ላይ ነው የሚወጣው። አዋላጅ ሳይሆን ቀባሪ ነው የሚፈልጉት።»

ፊቱን አዙሮ ወደ ቤት ገባ። የተናገርኩት እውነት ነበር፤ ግን ከእውነቱ ይልቅ እልህ እንዳስቆየኝ አልደብቅም።

በማግስቱ ጠዋት፣ ሐጂ ከሱብሒ ሶላት ተመልሶ ብርጭቆዎቹ ላይ አጎንብሶ ቆሞ አገኘሁት። መምህርቷም ደብተሯን ታቅፋ ቆማለች። ከፍሬን ዘይቱ ያወጣሁት ጎሚኒ እንደነበረ ነው፤ ፖምፓው ውስጥ ገባ። ከናፍጣው ያወጣሁት በዓይን ሲታይ ያው ይመስላል። ስገፋው ግን አልገባም። ጠመዘዝኩት። በአውራ ጣቴ ተጫንኩት። አልገባም።

መምህርቷ ብትስቅ ይሻለኝ ነበር።

ወደ አእምሮዬ የመጣው ያ ተሳቢ አይደለም። ባለፉት ዓመታት ፍሬን ያዘ ብለው የተመለሱብኝ መኪኖች ናቸው። አንድ የአማኑኤል ሚኒባስ ነበረ፤ ሦስት ጊዜ ተመልሷል። ሦስቱንም ጊዜ ሾፌሩን ሰድቤ፣ «የማይረባ ጎሚኒ ገዝተህ መጥተህ» ብዬ፣ እንደገና በናፍጣ አጥቤ ሰድጄዋለሁ። አራተኛ አልመጣም። ደብረ ማርቆስ ሌላ ባለሙያ ጋ ሄደ ሲሉኝ፣ «ይሂድ፣ ይዘርፉታል» ብዬ ነበር። ሰው አልተጎዳም። አለመጎዳቱ ግን የእኔ ሥራ አልነበረም።

«ሐጂ» አልኩ፤ «ፍሬኑን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። እርስዎ ያበላሹትን አውጥቼ የራሴን ከተትኩበት።»

ሐጂ ያበጠውን ጎሚኒ አንስቶ አገላበጠ። «እንግዲያው ሁለታችንም ተካክለናል» አለ።

«አልተካከልንም። እርስዎ ነጋዴ ነዎት፤ ቢሳሳቱ ያምርብዎታል። እኔ ባለሙያ ነኝ።»

«እሺ፣ የእርስዎ ይበልጣል» አለና ትከሻዬን መታ አደረገኝ። «አሁን በምን ይታጠብ?»

እዚህ ላይ ሞጣ በሙሉ አማካሪ ሆነ። ከበሩ ላይ የቆመ አንድ ሰው፣ «ካቲካላ ነው መድኃኒቱ፤ ሁሉን ያጥባል» አለ። ሐጂ፣ «አረቄ ከዚህ በር አይገባም!» ብሎ ጮኸ። ሰውዬው፣ «ይታጠብበት እንጂ ይጠጣ አላልኩም» ይላል። «ታጥቦበት የተረፈውን ማን ሊጠጣው ነው ታዲያ?» ይላል ሐጂ። እኔ ነኝ የገላገልኳቸው፤ ካቲካላ ግማሹ ውሃ ነው፤ ፍሬን ውስጥ የቀረ ውሃ ቁልቁለት ላይ ሲሞቅ ይፈላል፤ የፈላ ፍሬን አይዝም። ይህንን መምህርቷም አላወቀችም ነበር፤ ካቲካላው ግማሹ ውሃ መሆኑን ማለቴ ነው። እኔ ግን አውቃለሁ።

ብረቱን በሳሙናና በፈላ ውሃ አጥበን ፀሐይ ላይ አሰጣነው፤ የሰኔ ፀሐይ ብቅ ጥልቅ እያለች አቃጠለችኝ። ጎሚኒ የተባለውን ሁሉ፣ ደህና የሚመስለውንም፣ ጥዬ ከገበያው በመጣ አዲስ ተካሁ። የላስቲክ ቱቦዎቹን ቀየርኩ። ቀጭኑን የብረት ቱቦ በንጹሕ የፍሬን ዘይት ደጋግሜ ገፋሁት፤ በየጊዜው የሚወጣውን ብርጭቆ ውስጥ እያስቀመጥኩ፣ ላዩ ላይ ምንም እስከማይንሳፈፍ ድረስ። አምስተኛው ብርጭቆ ጠራ። ለእርግጠኝነት ስድስተኛ ቀዳሁ። ሐጂ በእያንዳንዱ ብርጭቆ፣ «አሁንስ?» ይላል። «አሁንም» እላለሁ። በመጨረሻ፣ ስለ ፈጣሪ ወደ መስጊድ ይሂዱልኝ አልኩት።

ሥራው ሲያልቅ ግን አልለቀቅኋቸውም። «ሌሊቱን ይቆማል። ነገ ካልያዘ እንወርዳለን» አልኩ። ሐጂ ሰማይ ሰማይ አየ፤ ግን አልተከራከረኝም። በማግስቱ አልያዘም። እኔም ፒካፑ ላይ ወጣሁ።

ከሞጣ ወደ ዓባይ የሚወርደው መንገድ ጠጠር ነው፤ አንዳንዱ ቦታ ጠጠርም አይደለም። እኔ በየመታጠፊያው አቁም እያልኩ ወርጄ ታምቡሩን፣ የፍሬን ሸራው ከውስጥ የሚይዘውን ክብ ብረት፣ በመዳፌ እነካለሁ። ሾፌሩ ከአምስተኛው በኋላ፣ «አባባ፣ በእግርዎ ቢወርዱ ይፈጥናሉ» አለኝ። ወረድኩ፣ ነካሁ፣ ተመለስኩ። ለብ ያለ ነው፤ ሥራ የሠራ ፍሬን ለብ ይላል። ከኋላችን ጀልባው ይገፋናል፣ ፍሬኑ ይይዛል፣ ሲነሳ ይለቃል። ሐጂ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አያለሁ። ዱዓ ላይ ነው። እኔ ደግሞ ጎሚኒዎቹን እያሰብኩ ነበር፤ ሁላችንም በየሃይማኖታችን።

ወንዙ ቀይ ሆኖ ይወርዳል፤ ገና አልሞላም። ማዶ ሰዎች ቆመው ያያሉ። ከመሃላቸው አንዲት ሴት ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ሐጂ፣ «እሷ ናት» አለ፤ እጁን ግን አላነሳላትም።

ወርጄ እግሬን ሳፍታታ፣ ሾፌሩ መኪናውን ወደኋላ እየነዳ ተሳቢውን ወደ ውሃው መክተት ጀመረ። ጎማው ገባ። ታምቡሩ ገባ። በመጨረሻው ቁልቁለት የጋለው ታምቡር ሽሽሽ አለ።

«ምን እያደረግህ ነው!»

«ጀልባ እያወረድኩ ነዋ።»

«ፍሬኑን! ውሃ ውስጥ!»

«አባባ፣ ጀልባ ሌላ በምን ይወርዳል?»

ከመሻገሪያው ሰዎች አንዱ፣ «ሽማግሌው ምን ሆነው ነው?» ሲል ሰማሁ። ፍሬን ውስጥ ውሃ እንዳይገባ ሁለት ቀን የተንገበገብኩ ሰው፣ ፍሬኑ ከነነፍሱ ዓባይ ውስጥ ተነክሮ እያየሁ ምን ልመልስ? ይህ ተሳቢ ከመጀመሪያው ውሃ ውስጥ ለመነከር የተሠራ መሆኑን ከዚያ ሁሉ ሰው አንድም የነገረኝ የለም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ጀልባው ተንሳፈፈ። ሁለት ቀዛፊዎች ወሰዱት። ወንዙ ጎን ጎኑን ገፋው፤ ወደታች ብዙ ተወስዶ ማዶ ደረሰ። ሴትየዋን ደግፈው አስገቧት። ሲመለስ እኔ አላየሁም፤ ተሳቢውን ከውሃው አስወጥቼ፣ በክሪክ አንስቼ፣ ጎማውን አውልቄ፣ ታምቡሩን ከፍቼ ሸራውን በነጠላዬ እያደረቅሁ ነበር። ድምፅ ብቻ ሰማሁ፤ ሰው እልል ሲል፣ ከዚያ ደግሞ ሲያለቅስ። የሚያለቅሰው ሐጂ ነው።

ቆይቶ አንድ ጥላ መጥቶ ላዬ ላይ ቆመ። ቀና ስል ልጅቱ ናት፤ ሆዷን በእጇ ደግፋ።

«አባባ፣ ምነው ጭቃ ውስጥ?»

«ፍሬን እያደረቅሁ ነው።»

«ሽቅብ እኮ ነው የምንሄደው። ሽቅብ ፍሬን ምን ያደርጋል?»

«አንቺም ኬሚስትሪ ታስተምሪያለሽ?» አልኳት።

አባቷ፣ «እንሂድ ጋሼ፣ ዝናብ መጣ» አለ። እምቢ አልኩ። ሽቅቡ መሃል ሁለት ቁልቁለት አለ፤ ስንወርድ ቆጥሬያቸዋለሁ። እርጥብ ሸራ አይዝም። ይቺን ልጅ ጭኜ በእርጥብ ፍሬን አልሄድም ብዬ የቀኙን ጎማ መፍታት ጀመርኩ። ሐጂ ልጁን ድንጋይ ላይ አስቀምጦ ጃንጥላ አስያዛት፤ ሌላውን ለራሱ ዘረጋ። እሷም ከመማረር ይልቅ መሳቅ መረጠች። ዝናቡ መጣል ሲጀምር፣ ሐጂ ጃንጥላውን ከራሱ ላይ አንስቶ ወደ እኔ አዘነበለው። ለእኔ አይደለም፤ ለታምቡሩ ነው። እኔም ትንሽ ወደ ግራ ይበሉት አልኩት።